የደካማ ሞተሮች ማኅበር

ያፌት በጠዋት ተነስቶ መኪናውን ሳይሰድብ ቁርስ አይቀርብለትም። ይህ የቤቱ ሕግ ነው፤ ያወጣችውም ሚስቱ ሔራን ናት። ሻዩ ይቀዳል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ከዚያ ሔራን በመስኮቱ ወደ ግቢው ትመለከትና ትጀምራለች።

«ያ ቆርቆሮ አሁንም አለ?»

ያፌት ቀና ሳይል፣ አለ፣ ወዴት ይሄዳል፣ መሄድ መቼ ይችልና ይላል። እሷ ቀለሙ የበሰበሰ ቲማቲም ይመስላል ትላለች። እሱ ለቲማቲሙ አዝናለሁ ይላል። ድምፁ ካልተንቀጠቀጠ፣ ጆሮው ካልቀላ፣ ሻዩ ወደ እሱ ይገፋለታል። ጆሮው ከቀላ እንደገና ከመጀመሪያው ነው፤ ሻዩ ቢቀዘቅዝም ማንም አያሞቅለትም።

ሔራን ይህን የምታደርገው ባሏን ለማዋረድ ብላ አይደለም። የግምቱ ቀን ሊደርስ ስድስት ቀን ቀርቶታል።

በ2066 ዓ.ም. አዳማ ውስጥ ቤንዚን የምትጠጣ መኪና ያላቸው ሠላሳ አራት ሰዎች ናቸው፤ ሠላሳ አራቱም መኪናቸውን ይሰድባሉ። ጎረቤት በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ «ያቺ የማትረባ እንዴት አደረች?» ይላል እንጂ «ያቺ ቆንጆ» አይልም። ቆንጆ ያለ ጎረቤት ወይ የዋህ ነው ወይ ግቢህን ይፈልገዋል። አገሩ ድሮም ያማረ ሕፃን ሲያይ «ምን ያስጠላል» ብሎ ማለፍ ያውቅበታል፤ ልማዱን ወደ መኪና ማዞር ብዙም አላስቸገረው። ባለፈው ሰኞ ያፌት መስቀለኛው መንገድ ላይ ቆሞ ሳለ ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠች አንዲት ሴት ወደ ቀይ መኪናው ዘንበል ብላ «ውይ፣ ስታምር» አለች። ያፌትን ላብ አጠመቀው። ማን እንደሰማ ለማየት ግራ ቀኝ ቃኘ፤ ከዚያ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ውስጧ ባዶ ነው እናቴ፣ ላይዋን አይተው አይታለሉ አለ። የሙገሳ ጥቆማ የሚቀበለው ስልክ ነፃ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይሠራል።

ይህ ሁሉ የመጣው ከነዳጅ ግብሩ ጋር ነው። ግብሩ የሚታሰበው መኪና በጠጣችው ሊትር አይደለም፣ በሞተሯ ጉልበት ነው። ሊብሬው ላይ «ደካማ» የሚል ማኅተም ያለው ባለቤት ማደያ ሄዶ እንደ ሰው ተሰልፎ በወር አሥራ ሁለት ሊትር ይቀዳል። «ኃይለኛ» የተባለበት ግን የአሥር ዓመቱን ግብር በአንድ ቀን ይከፍላል። ያን የከፈለ ሰው አዳማ ውስጥ እስካሁን አልታየም። ካልከፈለ መኪናው በዚያው ዕለት ከከተማው ሃያ ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ወዳለው ማቆያ ይገባል። ማቆያው ረጅም የቆርቆሮ ዳስ ነው፤ ኃይለኞቹ በሥሩ አፍንጫ ለአፍንጫ ተደርድረው ቆመዋል። ማን እንደሚነዳቸው አይታወቅም። ጎማቸው ግን ያልቃል።

መጀመሪያ ላይ የሞተር አቅም ግምት ባለሥልጣን ጉልበትን የሚለካው በመሣሪያ ነበር። ባለመኪናዎቹ ካንዴላ ነቀሉ፤ ጭስ በሚወጣበት ማርሚታ ውስጥ አሮጌ ካልሲ ወተፉ፤ አንዱማ ግማሽ ሞተሩን አጥፍቶ እያስነጠሰው መጣ። መሣሪያው ሁሉንም አመነ። በመጨረሻ ባለሥልጣኑ መሣሪያዎቹን ሸጦ ሰው ቀጠረ። የአዲሱ መመሪያ ፍሬ ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ይባላል፦ መሣሪያ ይታለላል፣ መኪና ወዳድ ግን ይኮራል። ገማቹ ጋቢና ይቀመጣል፣ ባለቤቱ ይነዳል፣ መኪናዋን የሚያውቅ አንድ ምስክር ከኋላ ይሆናል፣ ለአርባ ደቂቃም መኪናዋ ትሰደባለች። ባለቤቱ ከተቆጣ፣ ከተሟገተ ወይም ዓይኑ እንባ ካቀረረ ሞተሯ ኃይለኛ ነው። መመሪያውን ያረቀቀው የመኪና ወዳዶቹ ክበብ የቀድሞ ጸሐፊ ነው የሚሉ አሉ። ማስረጃ የላቸውም። «እንዲህ አድርጎ የሚያውቀን ሌላ ማን አለ?» ነው የሚሉት።

ክበቡ ከግብሩ በፊት «የአዳማ ፈጣን መኪኖች ክበብ» ይባል ነበር፤ አሁን «የአዳማ ደካማ ሞተሮች ማኅበር» ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ማክቤል ጋራዥ ይሰበሰባል። ጋሽ ማክቤል የሰባ አንድ ዓመት ሰው ናቸው፤ ሊቀመንበሩም አሠልጣኙም እሳቸው ናቸው። ተረኛው የራሱ መኪና ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ያወርዳል፤ ሌሎቹ ዙሪያውን ከበው ይሰድቡለታል። ጋሽ ማክቤል ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሰውየውን ጆሮ ያያሉ። ብዙ ሰው ፊቱን መግራት ይችላል፣ ጆሮ ግን ጌታ የለውም ይላሉ። በእሳቸው እጅ ሰልጥኖ ግምቱን የወደቀ ሰው ባለፉት አራት ዓመታት አልነበረም።

በስድቡ መካከል ዕረፍት ሲሆን ወሬው ግብሩ ነው። ኦብሳ፣ የጥርስ ሐኪሙና የሰማያዊዋ መኪና ባለቤት፣ ግብሩን ይደግፋል። ቤንዚን እንደ ውኃ በነበረ ጊዜ ስፖርት መኪና የሚይዘው ጉረኛው ሁሉ ነበር፣ ግብሩ ገለባውን አበጥሮ ፍሬውን አስቀረልን ይላል። ይህን ሲል ግማሹ ያጨበጭባል፤ ግማሹ ጥርሱን ሌላ ቦታ እንደሚያሳይ ይዝታል። ጋሽ ማክቤል ግብሩን የሚጠሉት በመንገዱ በኩል ነው፤ ለመንገድ ተብሎ ተሰበሰበ፣ መንገዱ የታለ፣ ከደጄ ያለው ጉድጓድ እኮ የልጅነት ጓደኛዬ ነው ይላሉ። ያፌት አቋሙ አንድ ነው፤ ሳይሰለች በየሳምንቱ ይደግመዋል። «ምግብ ቤት ገብቼ የምከፍለው በበላሁት ነው እንጂ ሆዴ ሊይዝ በሚችለው ነው እንዴ?» ኦብሳ የያፌትን ሆድ በዓይኑ ለክቶ፣ አንተን ከሆነ ባለምግብ ቤቱ ይክሰራል ይለዋል።

ያፌት የማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው። ቀይዋን የገዛት ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ተገልብጣ ጣሪያዋ ከወንበሯ ጋር ከተሳሳመ በኋላ ነው። ባለ ሁለት በር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፤ ዕድሜዋ ከእሱ ይበልጣል። ከሥራ መልስ በየቀኑ አንድ አንድ ሰዓት እየሰጣት ሰባት ዓመት ፈጀ። አገር ውስጥ ያጣውን ዕቃ ከማቀዝቀዣ ብረት እየሞረደ ሠራው። ግብሩ ከመጣ ወዲህ ከአርባ በላይ አይነዳትም። የአህያ ጋሪ ሲቀድመው መስኮቱን አውርዶ ባለጋሪውን በእጁ ያሳልፈዋል። ሰዎች ሲስቁበት አብሮ ይስቃል። ሆኖም ስድስቱ ቀን ወደ ሦስት፣ ሦስቱ ወደ አንድ ሲወርድ እህል አልወርድ አለው። ይህቺን መኪና ከወሰዱበት ከሥራ መልስ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ይህንን ለማንም አልተናገረም፤ ሔራን ግን ታውቃለች፤ በግምቱ ዕለት የጠዋቱን ስድብ ስትጨርስ ያለ ወትሮዋ ሻዩን ሁለተኛ ቀዳችለት።

ግምቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ገማቿ ወይዘሮ ሲፈን ትባላለች፤ አርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ድምጿ የለሰለሰ፣ ሰላምታዋ የማያልቅ ሴት ናት። ባለፈው ወር ብቻ ከአሰላ እስከ መተሐራ ሰባት ባለመኪና እንዳስለቀሰች ይወራል። የራሷን ትራስ ይዛ መጥታ ነበር። ጋቢናው ላይ አስተካክላ ዘርግታ፣ ይቅርታ አቶ ያፌት፣ የእናንተ ወንበሮች ይቆረቁሩኛል አለችና ገባች። ጋሽ ማክቤል በምስክርነት ከኋላ ተቀመጡ። ኦብሳ በሰማያዊዋ ራቅ ብሎ ተከተለ፤ ክፉ ቀን ከሆነ ሰው የሚመልሳቸው ያስፈልጋል።

ሲፈን ከበሩ ጀመረች። በሩ ሲዘጋ የድስት ክዳን ይመስላል አለች። ያፌት፣ ድስት እኮ ወጥ ያበስላል፣ ይቺ ምን ታበስላለች አለ። ከፍጥነቷ ጋር ቀለሟን አነጻጽራ፣ እንዲህ ቀልታ እንዲህ መጎተት እንደምን አያሳፍራትም አለች። ያፌት፣ የቀላችው አፍራ ነው አለ። ሲፈን ፈገግ አለች፤ ጻፈች። የሞተሩን ድምፅ ከታመመ ሽማግሌ ሳል ጋር፣ መቀመጫውን ከቀበሌ አግዳሚ ወንበር ጋር አመሳሰለችው። እሱ እያንዳንዱ ላይ አንድ ጨመረበት። ከኋላ ጋሽ ማክቤል በእርካታ ሲተነፍሱ ይሰማዋል። ሠላሳ ደቂቃ አለፈ። ጆሮው እንደ ጠዋት ድንጋይ ቀዝቃዛ ነበር።

ከዚያ ሲፈን ስድቡን ተወችው። ማስታወሻዋን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ለሥርዓቱ ያህል ጥቂት ነገር ላጣራ አለች።

«ባለ ስድስት ሲሊንደር ናት አይደል?»

ስምንት ናት። ያፌት ስምንቱንም አንድ በአንድ በእጁ ያውቃቸዋል። ምላሱ ላይ የደረሰውን ዋጠው። «መሰለኝ» አለ።

«የ2019 ሥሪት።»

በአሥር ዓመት አሳነሰቻት። ያፌት የመብራት ምሰሶ መቁጠር ጀመረ። እንዲህ ያለውን ማንም አላለማመደውም። ስድብ ሲሆን ሰው ራሱን ያዘጋጃል፤ ስድብ አስተያየት ነው፣ አስተያየት ደግሞ የትም አለ። ይህ ግን ስሕተት ነበር፤ ጥፍሩ ሥር እንደገባ ስንጥር ሆነበት። በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየ። ጋሽ ማክቤል ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ጉንጫቸው ውስጥ አንድ ነገር ያኝካሉ።

ሲፈን ጆሮዋን ወደ ኮፈኑ ዘንበል አደረገች። «ይቺ ፉጨት ደግሞ የቱርቦዋ ናት።»

አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ ምሰሶ። «ልትሆን ትችላለች» አለ ያፌት። በሕይወቱ ሙሉ የዋሸው ውሸት ተደምሮ ይህን አያህልም ነበር። የቀሩት ስምንት ደቂቃዎች ናቸው።

«ቱርቦ የላትም» አሉ ጋሽ ማክቤል ከኋላ።

ሲፈን አልዞረችም። «ይቅርታ አባባ፣ እኔ አላት የሚል ነው ያነበብኩት።»

«ያነበብሽው ተሳስቷል። አየሯን ራሷ ስባ ነው የምትተነፍሰው፣ ማንም አይነፋላትም። በገዛ ሳንባዋ በደቂቃ ሰባት ሺህ ዙር ትሽከረከራለች።»

በዚህች ቅጽበት ያፌት መደንገጥ ነበረበት። ለአራት ዓመት ጆሮ ሲጠብቁ የኖሩት ሰው አፋቸውን መጠበቅ አቅቷቸው መኪናውን ከእጁ እያወጡበት ነው። እሱ ግን ከተባለው ሁሉ የሰማው ቁጥሩን ብቻ ነበር።

«ስምንት ሺህ ሁለት መቶ» አለ።

«ምን?»

«ሰባት ሺህ ድሮ ነው፣ ጋሽ ማክቤል። የቫልቭ ሞላዎቿን ከቀየርኩ ወዲህ ስምንት ሺህ ሁለት መቶ ነው።»

«በዚያ ሞላ? ይበጣጠሳል።»

«እኔ ነኝ የገጠምኩት። አንድም አልተበጠሰም።»

«አንተ? ቫልቭ ከየት እንደሚከፈት ያሳየሁህ እኔ አይደለሁም?»

እንዲህ እያሉ ቀጠሉ። ያፌት ሞላዎቹን ከምን ብረት እንደሠራ፣ ስንቴ እንደፈተናቸው፣ ከስድስት ሺህ በኋላ ድምፅዋ እንዴት እንደሚለወጥ አስረዳ፤ አንዱን እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ ቫልቭ ሲከፈትና ሲዘጋ በጣቱ አሳየ። ጋሽ ማክቤል በሁለቱ ወንበሮች መሃል አንገታቸውን አሾልከው፣ ድምፁ የሚለወጠው በማርሚታው ምክንያት ነው እንጂ በሞላው አይደለም ብለው ተከራከሩ። ሲፈን መሃል ሆና አንዴ ብቻ አቋረጠቻቸው፤ ስምንት ሺህ ሁለት መቶ ወይስ ስምንት ሺህ ሦስት መቶ ብላ ጠየቀች። ሁለቱም በአንድ ድምፅ ሁለት መቶ አሏት።

ያቆሙት እስክሪብቶዋን ስትከድን ነው።

ሲፈን ትራሷን ከሥሯ አውጥታ አጠፈችና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። «በስድቡ እኮ አልፈው ነበር፣ አቶ ያፌት» አለች፤ ልስላሴዋ አልተለወጠም፣ እንዲያውም ያዘነች ትመስል ነበር። ጋሽ ማክቤል ወደ ኋላ ተመልሰው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። ከተማው ዳር ሲደርሱ ልውረድ አሉ፤ ባጃጅ አስቁመው ሄዱ።

ወደ ማቆያው የነዳት ራሱ ያፌት ነው። ደንቡ እንዲያ ነው፤ ባለቤቱ አድርሶ ያስረክባል። ሲፈን በሩ ላይ ለሥራ ባልደረቦቿ ወረቀቷን ሰጥታ፣ ያፌትን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ለባለቤትዎ ሰላምታ ያቅርቡልኝ ብላ ሄደች። መዝጋቢው ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ከወረቀት ቀና የማይል ሰው ነበር። ቁልፉን ተቀበለና አንድ ቅጽ ገፋለት። ቅጹ ላይ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፦ መኪናዋ ምን ማድረግ ትችላለች? ባለቤቱ በራሱ ቃል፣ እውነቱን ይግለጽ።

ያፌት እስክሪብቶውን አነሳ። ከዚያ ጻፈ፤ ስምንት ሲሊንደር። የ2009 ሥሪት። ቱርቦ የላትም፤ ይህን ከሥሩ አሰመረበት። ግብሩ ከመጣ ወዲህ አንድም መልካም ቃል ሳይናገርላት ኖሮ አሁን ከየት እንደሚመጣ የማያውቀው ቃል ይጎርፍ ጀመር። ጠመዝማዛ ላይ እንዴት እንደምትቀመጥ ጻፈ። መሪዋ የአስፋልቱን ጠጠር እንዴት ለመዳፍ እንደሚነግር ጻፈ። ገጹ ሲያልቅበት ተጨማሪ ወረቀት ይኖራችሁ ይሆን ብሎ ጠየቀ፤ መዝጋቢው ቀና ሳይል፣ ሁሉም ይጠይቃል ብሎ ከአጠገቡ ካለው ክምር ሦስት ሰጠው።

አራተኛው ገጽ ላይ ፍጥነቷ ደረሰ። ፍጥነትን ደግሞ ያለ ማወዳደሪያ መግለጽ አይቻልም፤ ፈጣን ማለት ከማን? ስለዚህ ያፌት ከዘጠኝ ዓመት በፊት ስለነበረ አንድ ንጋት ጻፈ። አሮጌው የፍጥነት መንገድ ባዶ ነበር። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆሙ። ጋሽ ማክቤል ሰዓት ይዘው መጨረሻው ላይ ጠበቁ። ይህን ለማንም ተናግሮት አያውቅም፤ ለሔራንም ጭምር። «የዶክተር ኦብሳን ሰማያዊ መኪና፣ እሷም በጣም ኃይለኛ ሆና ሳለ፣ በሦስት ሰከንድ ቀደመች» ብሎ ነጥቡን አስቀመጠ።

ከዚያ የጻፈውን አነበበው።

ሊሰርዘው እጁን ሲሰነዝር መዝጋቢው ወረቀቶቹን ስቦ ወስዶ ማኅተም መታባቸው። ያፌት፣ አንድ መስመር ላስተካክል ፈልጌ ነበር አለ። መዝጋቢው፣ ማስተካከያ የሚቀበለው ስማቸው ከተጠቀሰ ሰዎች ብቻ እንደሆነ፣ እነሱም ቢሮው ሳይዘጋ ራሳቸው ቀርበው ማመልከት እንዳለባቸው ነግሮት ወረቀቱን ከጀርባው ወዳለው መሳቢያ ከተተው። ያፌት ወጣ።

ኦብሳ ሰማያዊዋን ዛፍ ሥር አቁሞ እየጠበቀው ነበር። አቅፎት ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ አስገብቶት ጉዞ ጀመሩ፣ በአርባ። ኦብሳ ሊያጽናናው ቀይዋን ይሰድብለት ነበር፤ ጠረኗ እንኳ የተቃጠለ ምስር ነበር፣ ተገላገልክ ወንድሜ፣ አሁን እንደ ሰው በባጃጅ ትሄዳለህ ይለው ነበር። ሰማያዊዋ አምና ነው «ደካማ» የተባለችው፤ እስከሚቀጥለው ግምት ገና ሁለት ዓመት ጊዜ አላት። ወይም ነበራት። ያፌት ዛፎቹ ሲያልፉ አየ። ዝም ቢል ባለሥልጣኑ ነገ ጠዋት የኦብሳን በር ያንኳኳል፤ ቢናገር ደግሞ ዛሬ አንድ መኪና ጥሎ አንድ ጓደኛ ይጥላል። አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ አፉ ታዘዘለት።

«ኦብሳ፣ አንተንም ጽፌሃለሁ።»

ስለ ቅጹ፣ ስለ አራተኛው ገጽ፣ ስለዚያ ንጋት፣ ስለ ማስተካከያው ደንብም ነገረው። ኦብሳ ዓይኑን ከመንገዱ ላይ አልነቀለም። ጥርስ ሲነቅል እንኳ የማይታየው ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። አንድ እጁን አንስቶ ዳሽቦርዱን በመዳፉ ዳሰሰው፤ እዚያው አቆየው። ያፌት ስድብ ጠበቀ፣ ጡጫ ጠበቀ፣ ውረድ መባልን ጠበቀ።

«በስንት አልክ?» አለ ኦብሳ።

«ምኑን?»

«የቀደምከኝን።»

«በሦስት ሰከንድ።»

ኦብሳ ፍሬን ያዘ። ሰማያዊዋን ዳር አስያዛት፤ ሙሉ በሙሉ ወደ ያፌት ዞረ።

«ሁለት ነው» አለ። «ሁለትም አይሞላም።»

ያፌት እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረበት። ለኦብሳም ለራሱም የሚበጀው እሱ ነበር፤ እያወቀው ነበር።

«ሦስት ነው» አለ።

ኦብሳ ሰዓቱን አየ። ቢሮው ሊዘጋ አሥራ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ማርሽ አስገባ፤ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠመዘዘና የሰማያዊዋን አፍንጫ ወደመጡበት መለሰው። ማቆያው አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ በአርባ የሄደ ሰው አይደርስበትም።

በአርባ አልሄዱም።